ከድሪቶ እስከ ስሚኻት ትላኢም፦ የመርፌያችን መንገድ

 

ዛሬ የምናወራው ስለ መርፌና ክር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ልጆቻችን «ስሚኻት ትላኢም» ሲሉ እንሰማለን። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ፣ በመሀሉ ጥጥ ወይም ሌላ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ገብቶ፣ ከላይ እስከ ታች አብሮ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። በእጅ የተሠራ ከሆነ ዋጋው ውድ ነው። ሰው ግድግዳ ላይም ይሰቅለዋል።

እኛ አገር ለዚህ ዓይነት ሥራ ስም ነበረን። ድሪቶ እንለዋለን። ድሪቶ ግን ማንም አይሰቅለውም ነበር። ድሃው ይለብሰዋል፣ መናኙ ይለብሰዋል፣ ሌላው ሰው ደግሞ ለመስደቢያ ያነሣዋል። «ድሪቶ ለባሽ» ማለት ክብር የሌለው ሰው ማለት ነበር። ሥራው ያው እራፊን ከእራፊ ማያያዝ ነው፤ በአንዱ አገር ውርደት፣ በሌላው አገር ጌጥ ሆነ። ይህ እንዴት እንደመጣ፣ መሣሪያውስ በአያቶቻችን ጊዜ ምን እንደነበረና ዛሬ ምን እንደሆነ ነው የምንጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስፌት ስንል ምን ማለታችን ነበር?

በአማርኛ «መስፋት» ሰፊ ቃል ነው። ልብስ ይሰፋል፣ ቁርበት ይሰፋል፣ መሶብም ይሰፋል። እናቶቻችን «ስፌት ያዝኩ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰፌድ፣ ሌማት ወይም መሶብ ማለታቸው ነው። ስንደዶና አክርማ ለቅመው፣ አለላውን ቀለም ነክረው፣ በወስፌ እየወጉ ዙሪያውን ያሳድጉታል። በወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የለም። ቀለሙ የሚቀየርበትን ቦታ በልብ ቆጥረው ነው የሚይዙት። ይህን ልብ በሉ፤ ዛሬ የፈረንጅ መጽሐፍ ለስሚኻት ትላኢም የሚያስተምረው ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ቅርጽን ቆጥሮ መድገም፣ ቀለምን ከቀለም ማጣላትና ማስታረቅ።

መሣሪያው ሁለት ነበር፤ ወስፌና መርፌ። ወስፌውን ቀጥቅጦ የሚያወጣው የሰፈራችን ቀጥቃጭ ነው። ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እጅ ነው ወስፌ የሚያሾለው። ቀጭኗ መርፌ ግን ከገበያ ትገዛለች፤ ስለዚህ እንደ ንብረት ትያዛለች። ከተበደረች ትመለሳለች፣ ከጠፋች ቤቱ ይታመሳል፣ ከዘነዘነች በድንጋይ ትወለወላለች።

ጥጡ ከየት መጣ?

ከስፌት በፊት ጨርቅ አለ፤ ከጨርቅ በፊት ፈትል አለ። ይህን ለማያውቁት ልጆቻችን በቅደም ተከተል እንንገራቸው።

ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው በብረት ዘንግ እያንከባለሉ ፍሬውን ያወጡታል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲመታ ጥጡ እየተፍታታ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ይነሣል። ሴቲቱ እንዝርቷን በጭኗ ላይ እያሽከረከረች፣ በሌላ እጇ ባዘቶውን እየሳበች ታቀጥናለች። እንዝርቱ ላይ የተጠመጠመው ልቃቂት ይሆናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ለማድረስ፣ በቤት ሥራ መሀል ለምትፈትል ሴት ወራት ይፈጅባት ነበር። ሸማኔው ግን በቀናት ይጨርሰዋል። «ጋቢውን ማን ሠራው?» ስንባል «ሸማኔው» እንላለን። እውነቱ ግን አብዛኛው ጊዜ የፈታይዋ ነው።

ሸማኔው ደግሞ በአብዛኛው አባታችን ወይም አጎታችን ነበር። መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እሱ በጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። በመወርወሪያው ውስጥ ክር የተጠመጠመበት ቀሰም አለ። ይህችን መወርወሪያ አትርሷት፤ ወደፊት በሌላ መልክ እናገኛታለን።

ከሸማ የሚወጣው ልብስ በድርቡ ይለያል። ነጠላ ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት ድርብ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡልኮ ከዚያም ይከብዳል። ማታ ከታች ቁርበት፣ ከላይ ጋቢ ወይም ቡልኮ፤ የደጋው ብርድ በዚህ ነበር የሚታለፈው። የፈረንጁ ብርድ ልብስ ሦስት ነገር ነው፦ የላይ ጨርቅ፣ የመሀል ሙሌት፣ የታች ጨርቅ። የእኛ ሙሌት የለውም፤ ሙቀቱን የሚይዘው በድርቦቹ መሀል የሚቀረው አየር ነው። ሁለቱም አንድ ብልሃት ናቸው። ብርድ የሚሸነፈው በአንድ ወፍራም ጨርቅ ሳይሆን በድርብ ነው።

የእጅ ሥራ ለምን የእኛ ሆነ?

ይህን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ1414 እስከ 1429 ባለው ጊዜ፣ እምነቱን ያልለወጠ ሰው ርስቱን እንዲያጣ እንደተደረገ ሲነገር የቆየ ነው። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት ያርሳል፣ ወይም በእጁ ሥራ ያድራል። አባቶቻችን ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሸመኑ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። ጎንደር ከተማ በ1636 ከተቆረቆረች በኋላም በግንበኝነትና በአናጺነት በነገሥታቱ ሥራ ላይ ነበሩ።

አገሩ የሠሩትን ይፈልጋል፤ ሠሪውን ግን ይንቃል። «ጠይብ» ይባላል፣ ከዚያም የከፋ ስም ይወጣለታል። ማረሻው ከእኛ ይገዛል፣ ጋቢው ከእኛ ይገዛል፣ ማዕድ ላይ ግን አብሮ አይቀመጥም። ይህን የምናነሣው ለቂም አይደለም። ብዙ ወላጆቻችን የእጅ ሙያቸውን ለልጅ ሲነግሩ አንገታቸውን የሚደፉት ለምን እንደሆነ ልጆቹ እንዲረዱ ነው። ሙያውን ደበቁ፣ ምክንያቱም ሙያው ያሰድባቸው ነበር።

ኦሪቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። በዘጸአት ላይ የማደሪያው ሥራ ሲነገር፣ ጥበበኞች ሴቶች በእጃቸው ፈትለው አምጥተዋል። ከባስልኤል ጋር የተጠራው ኤልያብ ጠላፊ ነበር። የማደሪያው መጋረጃዎችም አሥር ነበሩ፤ አምስቱ ከአምስቱ ጋር ተያይዘው፣ በቀለበትና በመያዣ ተጋጥመው አንድ ማደሪያ ሆኑ። ቁራጭን ከቁራጭ አጋጥሞ አንድ ማድረግ የተቀደሰ ሥራ ነበር ማለት ነው። በሚሽና የሻባት ክልከላዎች 39 ሲቆጠሩ፣ 13ቱ ከልብስ ሥራ የወጡ ናቸው፦ ከመሸለት ጀምሮ፣ መፍተል፣ መሸመን፣ ሁለት ጊዜ መርፌ መውጋት፣ ለመስፋት ብሎ መቅደድ ድረስ። እናቶቻችን ሚሽናውን ሳያነቡ ነው ዓርብ ቀኑ ሳይመሽ እንዝርቱንና መርፌውን የሚያነሡት።

እራፊ ሲናገር

አሁን ወደ ድሪቶ እንመለስ። ልብስ በእኛ አገር አይጣልም። አዲስ ጋቢ ለበዓል ይወጣል፤ ሲያረጅ ለዘወትር ይሆናል፤ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ፣ ለአንቀልባ ማልበሻ ይቆረጣል፤ መጨረሻ ላይ መጣፊያ ይሆናል። ቀዳዳ ሳይሰፋ ይጣፋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። መጣፊያው ከውስጥ ይገባል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ዙሪያው ይዘመዘማል። በጣም የተጣፈው ልብስ ውሎ አድሮ ዋናው ጨርቅ ጠፍቶ መጣፊያው ብቻ ይቀራል። ድሪቶ ማለት ያ ነው።

የተጣፈ ልብስ ግን ሁልጊዜ የድህነት ምልክት ብቻ አልነበረም። ሽማግሌዎቻችን ከአባቶቻቸው ስለ ደርቡሽ ሰምተዋል። በ1880ዎቹ በሱዳን የተነሡት የማህዲ ተከታዮች የለበሱት ጅባ የተጣፈ ነበር። መጀመሪያ ትርጉሙ «ዓለምን ንቀናል» ነው። ቆይቶ ግን የጦር ልብስ ሆነ፤ መጣፊያዎቹም በልክ ተቆርጠው፣ በቀለም ተመርጠው፣ ግራና ቀኝ ተመሳስለው መሰፋት ጀመሩ። የእራፊ ልብስ ዩኒፎርም ሆነ ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች በ1888 ጎንደርን አቃጠሉ። ያው ጊዜ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ የጀመረበት ነው፤ እስከ 1892 ዘልቆ ወገናችንን በእጅጉ ጎዳ። ከዚያ የተረፈው ሰው ምን ለብሶ እንደተረፈ መገመት አያቅትም።

ሌላ ምሳሌ ከሩቅ አገር እንጨምር። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ የሚባል የወንዝ ዳር መንደር አለ። ነዋሪዎቹ የባሪያዎች ልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁሮች ናቸው። ሴቶቹ ያረጀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ እየቆረጡ ለልጆቻቸው ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ለብርድ ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂውስተን ሙዚየም ቀረቡ፤ ቀጥሎ በኒውዮርክ ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የነዚያን ብርድ ልብሶች ሥዕል በቴምብር ላይ አወጣ። ድሪቶ ነበረ እኮ! የተለወጠው ጨርቁ አይደለም፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። ሴቶቹም ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተጠራ።

አቡጀዲ መጣ፣ መኪና መጣ

በአገራችን የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ አቡጀዲ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከአሜሪካና ከሌላ አገር በመርከብ የሚመጣው የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞላው። ርካሽ ነው፣ ሳይፈተልና ሳይሸመን ይለበሳል። ቀጥሎ የፋብሪካ ክር መጣ። በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተቋቁሞ ሥራ ጀመረ። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ለመደ። የእናቶቻችን የወራት ሥራ በግማሽ ቀለለ፤ የፈታይዋ ገቢም አብሮ ቀነሰ። መሣሪያ ሲመጣ ሁልጊዜ ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ ይሰጣል፣ በሌላው ይወስዳል።

ሁለተኛው ለውጥ የስፌት መኪና ነው። በ1846 ኢላያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ ባለቤትነቱን ያስመዘገበው መኪና ሁለት ብልሃት ነበረው። አንደኛ፣ የመርፌዋ ቀዳዳ ከጫፏ አጠገብ ሆነ። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ ከኋላ ስለሆነ ሙሉዋን ጨርቁን አልፋ መውጣት አለባት፤ የመኪናዋ መርፌ ግን ጫፏን ብቻ አስገብታ ክሩን አቀብላ ትመለሳለች። ሁለተኛ፣ ከታች ሌላ ክር የያዘች ትንሽ መወርወሪያ የላይኛውን ክር አልፋ ትቆልፈዋለች። አያችሁ? የሸማኔው መወርወሪያ ናት፤ አንሳ መኪና ውስጥ ገባች። ዛሬም ከመርፌው ሥር የምትዞረው ክር መያዣ የቀሰም ልጅ ናት።

በ1851 አይዛክ ሲንጀር መርፌው ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበትን መኪና አስመዘገበ፤ በእግር የሚረገጠውም በእሱ ስም ዓለምን ዞረ። ከ1856 ጀምሮ የሲንጀር ኩባንያ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። እዚህ «ታሽሉሚም» የምንለው ነገር ከስፌት መኪና ጋር እንደተስፋፋ ስንቶቻችን አውቀናል?

በእግር የሚረገጠው መኪና መብራት አይፈልግም። ለዚህ ነው በጎንደርና በአዲስ አበባ ገበያ፣ በየሱቁ በረንዳ ለብዙ ዘመን የቆየው። ልብስ ሰፊው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር። ከጎኑ የከሰል ካውያ፣ በአንገቱ ላይ ሜትር፣ በጆሮው ላይ ጠመኔ። ለሸማኔ ልጅ እግር የሚረግጥ፣ እጅ የሚያቀብል ሥራ አዲስ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኦርት የሚባለው ድርጅት በጎንደር ዙሪያ ትምህርት ቤትና የሙያ ሥልጠና ከፍቶ ነበር፤ በ1981 ሥራው ቆመ።

ጥልፍ፣ የመጠበቅ ዘመን ሥራ

ከዚያ በኋላ መንገድ ሆነ። በሱዳን ኡም ራኩባና ገዳሪፍ የጠበቀ አለ፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ የገባ አለ። በ1990 እና በ1991 ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ከጎንደር ገጠር ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ገበሬ ነው፣ መሬት የለውም። ሸማኔ ነው፣ ጉድጓዱ ቀርቷል። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ጭቃዋ የለም። ግንቦት 24 እና 25፣ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ መጣ። ከኋላ የቀረው ግን ለዓመታት ጠበቀ።

በዚያ የመጠበቅ ዘመን መርፌ እንጀራ ሆነች። በ1982 የተቋቋመው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ፣ ናኮጅ የምንለው፣ ለሚጠብቁት ሰዎች የጥልፍ ሥራ አዘጋጀ። የትራስ ልብስ፣ የሐላ መሸፈኛ፣ የማጻ መሸፈኛ ይጠለፋል፤ በውጭ አገር ለአይሁድ ቤተሰቦች ይሸጣል። በጨርቁ ላይ የሚወጣው የኦሪት ታሪክና የመንደር ኑሮ ነው፦ የኖኅ መርከብ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ ጎጆ ቤት፣ በሬ የጠመደ ገበሬ።

ዘዴው ከድሮው ይለያል። በጎንደር ጥልፍ ማለት የቀሚስ አንገትና ደረት ነው፤ ቅርጹ በልብ ይታወቃል። እዚህ ግን ሥዕል በጨርቅ ላይ ይሣልና ጠላፊው በባለቀለም ክር ይሞላዋል። ለራስ ሳይሆን ለማያውቁት ሰው ይሠራል። መጠኑ አንድ መሆን አለበት፣ ጀርባው ንጹሕ መሆን አለበት፣ ቋጠሮ መታየት የለበትም። እርፍ ይጨብጥ የነበረ እጅ ቀጭን መርፌ መጨበጥ ተማረ። መንደሩን ጥሎ የመጣ ሰው መንደሩን በክር ጻፈው። ልጆቻችን ዛሬ «የድሮ ፎቶ የላችሁም?» ይሉናል። ፎቶ የለንም፤ ጥልፍ ግን አለን።

መቫሰረት ጽዮን

ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መቫሰረት ጽዮን ራሷ ከቁራጭ የተገጠመች ናት። በ1951 የተመሠረተችው ማዖዝ ጽዮንና በ1956 የተመሠረተችው መቫሰረት ኢየሩሳሌም በ1963 ተጋጥመው አንድ ሆኑ። ከኩርዲስታንና ከሌላም አገር የመጡ ሰዎች በማዕባራ ድንኳንና ቆርቆሮ ቤት ጀመሩ። ከኩርዲስታን አይሁድ መካከልም ሸማኔዎችና ቀለም ነካሪዎች ነበሩ። በኋላ የሶኽኑት መርካዝ ክሊታ ተከፈተ፤ ከእኛ ወገን ብዙ ሺህ ሰው በዚያ በኩል አልፏል።

እዚያ ስንደርስ ሙያ ተጠየቅን። በአንዳንድ ቅጽ ላይ «ብሊ ሚክጾዓ»፣ ሙያ የለውም፣ ተብሎ ተጻፈብን። ድርና ማግ የሚያቅ ሰው፣ ጥጥ ከፍሬ እስከ ጋቢ የሚያደርስ ሰው፣ አለላ ቆጥራ መሶብ የምታወጣ ሴት፣ ሙያ የላትም ተባለ። ቅጹ ላይ ለዚያ ሙያ የሚሆን ሳጥን አልነበረውም። ብዙዎቻችንም ዝም አልን፤ በአገራችን ሲያሰድበን የኖረውን ሥራ እዚህ እንደ ሙያ መቁጠር አልለመድንም ነበርና። ወደ ጽዳት ሥራ፣ ወደ ፋብሪካ ሄድን። ለእንጀራ ነው፤ ነውር የለውም። ግን እንዝርቱ በሻንጣ ውስጥ ቀረ።

የኢየሩሳሌም ተራራ ክረምቱ ብርድ ነው። ልጆቹ ፑኽ ይለብሳሉ፣ እኛ ከፑኹ ላይ ጋቢ እንደርባለን። ድርብ በድርብ፣ ያው የድሮው ብልሃት።

የዛሬ መሣሪያ ምን ይመስላል?

ዛሬ ስሚኻት ትላኢም የሚሰፋ ሰው በጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ እንይ። በመቀስ ፈንታ እንደ ፒዛ መቁረጫ የሚንከባለል ክብ ምላጭ አለ። ይህን በ1979 ያወጣው ኦልፋ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው። ከሥሩ ምላጩ የማያበላሸው ምንጣፍ፣ ከላይ ባለ መስመር ፕላስቲክ ማስመሪያ ይደረጋል። ብዙ ድርብ ጨርቅ ባንድ ጊዜ፣ በቀጥታ መስመር ይቆረጣል። በእጅ መቀስ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ቁርጫ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። ቁራጮቹ እኩል ስለሆኑ ሲገጣጠሙ አይጠማዘዙም።

ሙሌቱም ተቀይሯል። በደጋን የተነደፈ ጥጥ ቀርቶ፣ በጥቅል የሚሸጥ የጥጥ ወይም የፖሊስተር ንጣፍ ነው። ፖሊስተሩ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ጥጡ ይተነፍሳል፣ ከእሳት አጠገብም ይሻላል። የከሰል ካውያው በእንፋሎት ካውያ ተተካ። መኪናው በመብራት ይሠራል፤ ክንዱ ረጅም የሆነ ለትልቅ ብርድ ልብስ የተዘጋጀ መኪናም አለ። ጥልፉን ደግሞ ኮምፒውተር ይጠልፋል፤ ሥዕሉን ከሰጡት መርፌው ራሱ ይሄዳል። አዲስ አበባም ዛሬ «የእጅ ጥልፍ» እና «የኮምፒውተር ጥልፍ» እየተባለ ዋጋው ለየብቻ ይነገራል። ጥበቡን በፋብሪካ ያተሙበት ጨርቅም ከውጭ እየገባ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ሲያዩት ሸማ ይመስላል፤ ሲዳስሱት ግን ድርና ማጉ አይናገርም።

እንግዲህ ምን ቀረልን? ሦስት ነገር መኪና አልወሰደብንም። የቱ ጨርቅ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ የሚያውቅ ዓይን። ጠርዝ የት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ጣት። ጨርቁ የማን እንደነበረ የሚያውቅ ልብ። ሦስተኛው በየትም ሱቅ አይሸጥም።

ለልጆቻችን ምን እናድርግ?

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ያረጀ ጋቢ አለ። የአያት ነው። አይለበስም፣ አይጣልም። ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ አንድ ቀን ይጥሉታል፤ ምን እንደሆነ አልነገርናቸውማ! ከመጣሉ በፊት እንዲህ ቢደረግስ፦

በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ይድረቅ፤ የእጅ ፈትል በፈላ ውኃ ይኮማተራል። ያልሳሳው ክፍል ይመረጥ፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት የሳሳው ይለያል። ጥለቱ ካለ አይቆረጥ፤ ለዳር ጠርዝ ይቀመጥ። ቁራጮቹ እኩል ይሁኑ፣ በየዳሩ የጣት ስፋት ያህል ለስፌት ይተዉ፤ የእጅ ሸማ ዳሩ ቶሎ ይተረተራል። ከመገጣጠሙ በፊት ዳሩ ይዘምዘም። ከጋቢው ጋር የልጆቹን ያረጀ ሸሚዝ፣ የወታደር ልጃችሁን የሥራ ልብስ ቀላቅሉበት። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከበግ ጠጉርና ከተልባ እግር የተሠራ ጨርቅ አብሮ አይሰፋ፣ ሻዓትኔዝ ነው። ጥጥ ከሱፍ ጋር ግን ችግር የለውም። የድሮ በርኖስ ቁራጭ ያለው ሰው ተልባ እግር የሌለበት ጨርቅ ይምረጥለት።

ሥራው ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ ለብዙ ሰው ግን ጨዋታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። ዓይናቸው የደከመ እናቶች ቀለም ይምረጡ፣ ያጠፉበትን መስመር በጥፍር ይሳቡ። ወጣቶቹ በክቡ ምላጭ ይቁረጡ፣ በመኪና ይስፉ። ሕፃናቱ መርፌ ውስጥ ክር ያስገቡ፤ የእነሱ ዓይን ነው ያንን የሚያየው። በመሀሉም ወሬ ይኖራል። ልጅ «ና ታሪክ ልንገርህ» ሲሉት ይሸሻል፤ እጁ ሥራ ሲይዝ ግን ጆሮው ይከፈታል። «ይኼ ቁራጭ የማን ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

ሲጨርሱ በጥግ ላይ በጥልፍ ስም ይጻፍ፦ ጋቢውን የፈተለችው ሴት ስም፣ የሸመነው ሰው ስም፣ የተወለዱበት መንደር። ሸማኔው በአገራችን ስሙን በጨርቅ ላይ አይጽፍም ነበር። የፈታይዋ ስምማ ከነጭራሹ አይነሣም። አሁን እንጻፈው።

በየዓመቱ በሲግድ ቀን በአርሞን ሃናጺቭ ስንሰበሰብ፣ ቄሶቻችን ከዚያ በጥልፍ ካጌጡት ጥላዎች ሥር ይቆማሉ። በ2008 ክኔሴት ሲግድን በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። በዓሉ ከብሯል። በዓሉ የሚለብሰውን ጨርቅ የሠራው እጅም ይክበር። እናቶች፣ እንዝርታችሁን ከሻንጣ አውጡ፤ ባትፈትሉበትም አሳዩት። አባቶች፣ መወርወሪያ እንዴት እንደሚወረወር በባዶ እጃችሁም ቢሆን ለልጅ አሳዩ። ቅጹ ላይ ያልተጻፈውን ሙያ ልጆቻችን ይወቁት።